የመጨረሻው ስንት ነው?

በመርካቶ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ በቀን አብዝቶ የሚደጋገመው «የመጨረሻው» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይላል ገዢ። «የመጨረሻው ይኸ ነው፤ ለአንተ ስለሆነ ነው» ይላል ሻጭ። ሁለቱም የመጨረሻው የመጨረሻ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ገዢው ሦስት እርምጃ ራቅ ሲል ሻጩ ይጠራዋል፤ ከመጨረሻው በታች ሌላ መጨረሻ ይገኛል። በዚያው ገበያ፣ በዚያው ሰዓት ግን ቃሉ እንደ ዋጋው የማይቀንስላቸው ሰዎች ይዘዋወራሉ። እነርሱ ሌሊቱን ከቦሌ የሚበሩ መንገደኞች ናቸው። የመጨረሻ ቀናቸው ክርክር አይቀበልም።

ስለ ስደታችን የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከኬላው፣ ከወደቡ ወይም ከአየር ማረፊያው ይጀምራል። እኔ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ያለውን፣ ስንቅ የሚሸመትበትን ቀን ማየት እወዳለሁ። ስንቅ ምግብ ብቻ አይደለም፤ «እሄዳለሁ» ብሎ በአደባባይ የመናገር ዕድል ነው። ሰው ገበያ ወጥቶ፣ ሚዛን አስመዝኖ፣ ሻጩ «ለመንገድ ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «አዎን» ብሎ መልሶ፣ ተመርቆ ይሄዳል። በታሪካችን ይህ ቀን ለሁሉም አልተሰጠም። ለማን እንደተሰጠና ለማን እንደተነፈገ መቁጠር ስለዚች አገር ብዙ የሚነግር ይመስለኛል። የምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ መርካቶ ውስጥ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለውን ቀን ከመስኮቴ ሆኜ በየሳምንቱ አያለሁ።

መርካቶ ራሱ የተወለደው ስንቅ ከሌለው አንድ ጉዞ ማግሥት ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲያመሩ አዲስ አበባ ያለ ጠባቂ ቀረች። የጣሊያን ጦር እስኪገባ በነበሩት ሦስት ቀናት ከተማይቱ ተዘረፈች፤ የአራዳ ሱቆች ተሰብረው ጋዩ። በዚያ ሰሞን ከተማይቱን ጥለው የወጡ ሰዎች የመጨረሻ ቀናቸውን በገበያ አላሳለፉም፤ ገበያው ራሱ እየነደደ ነበርና። ሚያዝያ 27 ማርሻል ባዶልዮ ሲገባ የጠበቀው ከተማ ጢሱ ገና ያልበረደ ነበር።

ወራሪው ያመጣው የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር የሚለይ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረው የአራዳ ገበያ ከስፍራው ተነሣና ወደ ምዕራብ ተገፋ። አራዳ ለአውሮፓውያን ንግድና መዝናኛ ተመደበ፤ እስከ ዛሬ የምንጠራበትን «ፒያሳ» የሚል ስምም አተረፈ። ወደ ምዕራብ የተገፋው ገበያ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ተባለ፤ የተወላጆች ገበያ ማለት ነው። አገሬው እንዲሰፍርበት የተመደበው አካባቢም አዲስ ከተማ ተባለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሠሪው ሲባረር «ኢንዲጄኖ» የሚለው ቅጽል አብሮት ሄደ፤ «መርካቶ» ግን ቀረ። ስድቡ ሄዶ ስሙ ቀረልን ማለት ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። መርካቶ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነውና «መርካቶ ገበያ» ስንል «ገበያ ገበያ» ማለታችን ነው። «ሱቅ» የሚለው ቃል ከዐረቦች መጣ፤ በእርግጥም የየመን ነጋዴዎች በየሰፈሩ የከፈቷቸው ሱቆች የብዙ ቤተሰብ ጓዳ ነበሩ። «በረንዳ»ም ባሕር ተሻግሮ የመጣ ቃል ነው፤ እኛ ግን እህል በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አብዶ በረንዳ እያልን የሰፈር ስም አደረግነው። ከራሳችን የጨመርነው «ተራ» የሚለውን ነው፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ብረት ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ዶሮ ተራ። ባዕድ ስም ተሸክሞ ውስጡን በአማርኛ የደረደረ ገበያ ነው።

ከመርካቶ በፊት የነበረው መንገደኛ የመጨረሻ ቀኑን የሚያሳልፈው በአራዳ ነበር። አራዳ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚደምቅ ሰፊ ገበያ ነበር፤ በቅሎና ፈረሱ፣ ማሩና ቅቤው፣ ቆዳው፣ ቡናው፣ አሞሌ ጨውና ሸማው በየፈርጁ ይሸጥበታል። «አራዳ» የሚለው ቃል ብልጥና የነቃ ሰው መጠሪያ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ገበያ የማያነቃው ሰው የለምና ስያሜው ተገቢ ነው። ገበያውን የሚያስተዳድረውና ቀረጥ የሚሰበስበው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ነጋድራስ የነጋዶች ራስ ማለት ነው፤ ሹመቱ ከመሆኑ በፊት የሲራራው መሪ መጠሪያ ነበር። ከነዚህ ሹማምንት አንዱ የሆኑት ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ንግድና ውጭ ጉዳይ በአንድ ሰው እጅ መዋላቸው ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነው። ለዚያ ዘመን ሰው ግን ከአገር መውጣት ማለት መነገድ ማለት ስለነበር ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሲራራ ነጋዴ ለብቻው አይሄድም። ሽፍታውና በረሃው፣ ኬላውና ወንዙ ስላለበት ከሌሎች ጋር ተጠባብቆ፣ ተሰብስቦ ይነሣል። ስለዚህ የመነሻው ዋዜማ የጋራ ቀን ነበር። መጫኛ ይገመዳል፤ የበቅሎ ጀርባ ይታያል፤ ስልቻ ይሰፋል። ከሁሉ በላይ ግን ስንቅ ይሰናዳል። በሶው፣ ጭኮው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ድርቆሹ ሁሉ የመንገድ ምግብ ነው። ውሃ እንጂ እሳት አይፈልግም፤ ፈጥኖም አይበላሽም። ጭኮ ላይ ቅቤውን የምታበዛው ሚስት ባሏ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ ሳትነግረን በመጠኑ ትነግረናለች። የዘመቻ ሥርዓታችንም ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ «ስንቅና ትጥቅ» ተብሎ ስንቅ በስም የቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበርና ሚስቱ የሠራችው በሶ እስከ ጦር ሜዳው ድረስ አብሮት ይሄዳል።

እንዲህ ተሰናድቶ የሚነሣውን ነጋዴ ስናስብ ስንቅ የሌለውን መንገደኛ መርሳት አይገባም። የኢኮኖሚ አሳቢዎቻችን ፊታውራሪ የነበሩት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከአገር የወጡት በልጅነታቸው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ምጽዋ ወደብ ላይ የጀርመን መርከብ ሊያዩ በገቡበት ነው። መርከቡ ተነሣ፤ ልጁም አብሮ ሄደ። አድዋ ላይ በ1878 ዓ.ም. የተወለደው ልጅ አውሮፓ ውስጥ አድጎ፣ ጀርመንኛ ተምሮ ተመለሰና በኋላ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነ፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ አረፈ። ያለ መሰናበቻ የሄደው ልጅ አድጎ የተሾመው መንገደኛ ሁሉ ዕቃውን አስፈትሾ በሚያልፍበት በር ላይ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አገር ጥሬ ዕቃዋን አውጥታ የተሠራ ዕቃ ስታስገባ ምን እንደሚደርስባት የሚመረምር መጽሐፍ ነው። መርካቶ ተቀምጬ ሳነበው፣ ከዕቃው ይልቅ ሰዉን እያሰብኩ የማነብባቸው ገጾች አሉት። ይህ የእኔ ንባብ እንጂ የእርሳቸው ቃል አይደለም።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የሲራራው የምሥራቅ መንገድ ተዳከመ፤ ስንቁም አጠረ። ከዚያ አውሮፕላኑ መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ የመጀመሪያውን በረራ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ሲ 47 ነበሩ። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን አየር ማረፊያው ቦሌ ሳይሆን ልደታ ነበር፤ ከመርካቶ በእግር የሚደረስበት ቦታ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ የልደታ ማኮብኮቢያ አጠረና በረራው ወደ ቦሌ ዞረ። የአፍሪካ መሪዎች ድርጅታቸውን ለመመሥረት የተሰበሰቡትም በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ነው። ከተማይቱ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ ገበያውና አየር ማረፊያው ተራራቁ።

መርካቶ ግን መነሻነቱን አልተወም። አውቶቡስ ተራ እዚያው ነበረ። ረጅም መንገድ የሚሄዱ አውቶቡሶች ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሡ መንገደኛው ከዋዜማው መጥቶ በአካባቢው ያድራል፤ ጎጃም በረንዳና ዙሪያው በአልጋ ቤት የተሞላው ለዚህ ነው። ከገጠር የመጣውም፣ ወደ ገጠር የሚመለሰውም ያችን አንድ ሌሊት መርካቶ ያሳልፋታል። በኋላ ዘመን የአውቶቡስ መናኸሪያዎቹ ተበታትነው የሰሜኑ መንገድ ብዙውን ወደ ላምበረት ሄዷል። ቢሆንም ከደሴ ወይም ከወልዲያ የመጣ ሰው ነገ ሌሊት ከቦሌ የሚበር ከሆነ፣ በመካከል ያለችውን ቀን የት ሲያሳልፍ እንደሚገኝ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ሻንጣው ልምጣ፤ ብዙ የምለው ያለኝ እዚህ ላይ ነው።

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ 23 ኪሎ የምትባለውን ቁጥር ያውቃታል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። በመጨረሻው ቀን ቤተሰቡ በሙሉ በዚች ቁጥር ዙሪያ ይሰበሰባል። ጠዋት በርበሬ ተራ፣ ከዚያ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፤ ከሰዓት በኋላ ጀበናና ስኒ፤ ቀሚሱ ከሽሮ ሜዳ ካልተገዛ ከሸማ ተራ። ሻጩ «ለውጭ ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ሁለተኛ ፌስታል ያወጣል፤ በስኮች ያሽጋል፤ በርበሬው ከቀሚሱ ጋር እንዳይገናኝ። ቋንጣ የሚያስብ ካለ «አሜሪካ ሥጋ አያስገባም» የሚል አዋቂ አይጠፋም። ድርቆሹም ይጨመራል። ያ የሲራራ ነጋዴ በስልቻ ይዞት የተጓዘው ድርቆሽ ዛሬ በአሥር ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ይበራል። ማታ ቤት ውስጥ በመታጠቢያ ቤት ሚዛን ሻንጣው ይመዘናል፤ 25 ኪሎ ይሆናል፤ ይከፈታል፤ ምኑ ይውጣ ተብሎ ጉባኤ ይደረጋል። ተጓዡ የራሱን ጫማ ያወጣል እንጂ ሽሮውን አያወጣም።

ለረጅም ጊዜ ይህ ነገር ትርጉም አይሰጠኝም ነበር። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፤ በርበሬው አለ፤ ሽሮው አለ፤ እንጀራው በየቀኑ ይጋገራል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሸክም ምን አመጣው? መልሱን ያገኘሁት ከአንድ ወዳጄ አክስት ነው። እኒህ ሴት ከአገር የወጡት በደርግ ዘመን ነው። ያኔ በሕጋዊ መንገድ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ያንን የማያገኝ ሰው በመተማ ወይም በሑመራ ወደ ሱዳን፣ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ አለዚያም ወደ ጅቡቲ ይወጣ ነበር። ሌሊት በእግሩ፣ እናቱን እንኳ ሳይሰናበት። እንዲያውም ስንቅ መግዛት ራሱ ማስረጃ ነበር፤ ሦስት ኪሎ በሶ በአንድ ጊዜ የገዛ ወጣት ወዴት ሊሄድ ነው? ጎረቤት ያያል፤ ቀበሌ ይሰማል። ስለዚህ የወጣ ሁሉ ምንም ሳይገዛ፣ ሥራ እንደሚሄድ ሰው ለብሶ ወጣ። በ1972 ዓ.ም. የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ከሱዳን መጠለያዎች ወደ ዳላስና ወደ ዋሽንግተን የተሻገሩት እነዚህ ናቸው።

የወዳጄ አክስት ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ የመጡት ለአምስት ቀን ነበር፤ ወደ ሌላ አገር ለሠርግ ሲሄዱ መንገዳቸው በቦሌ በኩል ሆኖላቸው። የመጨረሻዋን ቀን በርበሬ ተራ ይዘናቸው ሄድን። ሰባት ኪሎ በርበሬ ገዙ። ባለሱቋ «እትዬ፣ ይኸ ሁሉ ለማን ነው?» አለቻቸው። እኔም በልቤ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። እሳቸው ፌስታሉን እየቋጠሩ፣ «ያኔ አልገዛሁማ» አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ባለሱቋም አልጠየቀችም፤ ከራሷ አንድ ጭብጥ ኮረሪማ ጨመረችላቸው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከመጠን በላይ በተሞላ ሻንጣ መሳቅ ትቻለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት የተነፈጉትን የመጨረሻ ቀን ዛሬ በእጥፍ የሚያስመልሱ ሰዎች አሉ። ዲቪ ደርሶት በሰላም የሄደው ወጣት ሻንጣውን ሲሞላ ተራ ሸመታ ነው፤ በሌሊት የወጣ ሰው ሲሞላ ግን ዕዳ መሰብሰብ ነው። ሁለቱ ሻንጣዎች ሚዛን ላይ እኩል 23 ኪሎ ናቸው፤ እኩል ናቸው ብሎ የሚያምን ግን ሚዛኑ ብቻ ነው።

እነዚህ እንግዲህ የመጨረሻውን ቀን ዘግይተውም ቢሆን ያገኙት ናቸው። ቀኑን አግኝተው ሻንጣውን ያላገኙት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከጅማ ተነሥተው ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት በቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ እኅቶቻችን። ብዙዎቹ አዲስ አበባን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ የሚያዩዋትም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ነው። የገዛ አገራቸው ዋና ከተማ ለእነርሱ ትራንዚት ናት። ከሌላ አገር መጥቶ በቦሌ ሲያልፍ አንድ ቀን የተረፈውን ፈረንጅ፣ አስጎብኚው ሙዚየምና መርካቶ አሳይቶ፣ «ኪስዎን ይጠብቁ» ብሎ ይመልሰዋል። እርሷንም አንድ ደላላ ወይም ዘመድ መርካቶ ያመጣታል፤ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ሹራብ፣ ትንሽ በሶ ትገዛና ትመለሳለች። ሻንጣዋ ከእጅ ቦርሳ ብዙም አይበልጥም። ለምን ቢባል፣ የምትሄደው ልትሞላው ነው። የዲያስፖራው ሻንጣ ሲሄድ ይከብዳል፤ የእርሷ ሲመለስ እንዲከብድ ተስፋ ይደረጋል።

ተስፋው ሁልጊዜ አልሠመረም። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አለቁ፤ ከእነርሱ መካከል በሊባኖስ ቤቶች ሠርተው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያት ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያለቻቸውን ስታስወጣ ከ160 ሺህ በላይ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ በቦሌ ገባ፤ ብዙው ንብረቱን ጥሎ፣ በፌስታል ወይም በባዶ እጁ። ለመውጣት የመጨረሻ ቀን ያልነበረው ትውልድ እንደነበረ ሁሉ፣ ለመመለስ የመጨረሻ ቀን ያልተሰጠው ትውልድም ተፈጠረ። መንግሥት በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጣ፤ እገዳውም በኋላ ተነሣ። አዋጁ ሲወጣ 8ኛ ክፍል ማጠናቀቅንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን ይጠይቅ ነበር። በሻንጣዋ ውስጥ ስለምትይዘው ነገር የሚደነግግ አዋጅ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ልጆች ወደ መስኮቴ መጡ። ወሎዎች ናቸው፤ አነጋገራቸው ይነግረኛል። የቁጠባ ደብተር ማውጣት እንደሚፈልጉ ታላቂቱ ነገረችኝ። በማን ስም? በእናቷ ስም። እናቷ የት ናቸው? አገር ቤት። እናትየው ሳይኖሩ በስማቸው መክፈት እንደማይቻል አስረዳኋትና በራሷ ስም ብትከፍትስ አልኳት። ነገሩ ሕግ ብቻ አልነበረም። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ ያያል፤ ልጅቱ ሦስት ዓመት የላከችው ገንዘብ በአባት ወይም በወንድም ደብተር ገብቶ፣ ስትመለስ ቤቱ በቆርቆሮ ተሸፍኖ፣ ሠርግ ተደግሶበት፣ ለእርሷ መነሻ የሚሆን አንድ ሺህ ብር የማይገኝበት ጊዜ አለ። ክፋት አይደለም፤ ቤተሰብ ይቸገራል። ግን ሥራው የማን ነበር?

ልጅቱ ዝም አለች። «ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?» አለች በመጨረሻ። ታናሺቱ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጠን ብላ «ደብተሩ ያንቺ፣ የምትልኪው ለርሷ» አለቻት። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ የፋይናንስ ምክር ከሠለጠኑ ሰዎችም ሰምቼ አላውቅም። ታላቂቱ ፓስፖርቷን አወጣች፤ አዲስ ነው፤ ገጾቹ ገና ይጣበቃሉ። ጉርድ ፎቶዋን ሰጠችኝ። ስንት እንደምታስገባ ስጠይቃት ወደ ፌስታሏ አየች። በሶና ነጠላ ጫማ ነበረበት። ከሒሳቡ የተረፈውን ቆጥራ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፤ ከዚያም ወደ ታናሺቱ ዞራ ለታክሲ የሚበቃ እንዳላት ጠየቀቻት። «መልካም መንገድ፤ በርቱ» አልኳቸው። «አብሽሩ» አለችኝ፤ አይዞህ የሚያስፈልገው ለእኔ የሆነ ይመስል።

ደብተሩን ለማን አደራ ትስጠው? ይዛው ትሂድ ወይስ ትተወው? ፓስፖርት አሠሪ እጅ በሚገባበት አገር ደብተሩም አብሮ ቢያዝስ? ይህን ሁለቱ ተመካክረው ጨረሱት፤ ታላቂቱ ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ያ ቋጠሮ ስንቅ ነበር። አያቶቿ ጨውና በርበሬ የቋጠሩበት የነጠላ ጫፍ ነው፤ ውስጡ ብቻ ተለውጧል።

መርካቶም ራሱ እየተለወጠ ነው። የቆርቆሮው ተራ በየጊዜው በፎቅ ይተካል፤ እሳቱም አልተወውም፤ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ሸማ ተራ ላይ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ነጋዴ ጥሪት በአንድ ሌሊት በላ። በማግሥቱ ያለፍኩበት ሰው ቁጭ ብሎ የቀረውን ሲለቅም፣ ጥግ ላይ ያልተቃጠለለት ደግሞ መሸጥ ጀምሯል። ከገዢዎቹ መካከል አንዲት ሴት ከሻንጣዋ ጋር ቆማ ነበር፤ በረራዋ ማታ ነውና ልታዛውረው አትችልም። ጫፉ ጢስ የነካው ነጠላ ይዛ ትከራከራለች። ሻጩ የመጨረሻውን ነገራት። ሦስት እርምጃ ሄደች፤ ጠራት፤ ተመለሰች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መርካቶ መዝጋት ይጀምራል። የብረት በሮች በየተራው ይወርዳሉ፤ ተሸካሚዎች የመጨረሻውን ማዳበሪያ ያወርዳሉ፤ ከአንዋር መስጊድ አዛን፣ ከራጉኤል ደወል ይሰማል። መንገዱ ዳር የታክሲው ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ቦሌ! ቦሌ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። ሻንጣ ለያዘ ሰው ሒሳቡ የሁለት ሰው ነው፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚለው ክርክርም እዚያው በሩ ላይ እንደገና ይጀመራል።